የጀርመን ማርክ እንዴት ዋጋ አጣ?

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስንማር አንድ የሒሳብ ነገር አስገረመን። ከጦርነቱ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4.2 ማርክ ይመነዘር ነበር፤ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በኖቬምበር 1923 ግን በ4,200,000,000,000 ማርክ ሆነ። ዜሮዎቹን ሁለት ጊዜ ቈጥረን ነው ያመንነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1914 ነው። ጦርነቱ እንደ ተነሣ መንግሥቱ ማርክን በወርቅ መለወጥ አቆመ፤ ወጪውንም ግብር ከመጨመር ይልቅ በብድር ሸፈነ። የተሸነፈው ይከፍላል የሚል ተስፋ ነበረው፤ የተሸነፈው ግን ራሱ ሆነና የጦር ካሣ ተጫነበት። በጃንዋሪ 1923 ፈረንሳይና ቤልጂግ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበትን የሩርን አገር በያዙ ጊዜ፥ መንግሥቱ ወራሪዎቹን በመቃወም ሥራ ላቆሙት ሠራተኞች ደመወዝ ለመክፈል የወረቀት ገንዘብ በላይ በላዩ አተመ። ደመወዝተኛውም ገንዘቡን እንደ ተቀበለ ወደ ገበያ ይሮጥ ነበር፤ ቢያድር ዋጋው ይወድቅበታልና።

ባለ ዕዳው በዚህ ተጠቀመ። እኛ ግን የምናዝነው ለቈጣቢው ነው። ለእርጅናው ብሎ 10,000 ማርክ በባንክ ያስቀመጠ ሰው በመጨረሻ በዚያ ገንዘብ አንዲት ዳቦ እንኳ መግዛት አልቻለም፤ በመዝገቡ ላይ ግን ቊጥሩ አንዳች አልጐደለም።

በኖቬምበር 15 ቀን 1923 ሬንተንማርክ የተባለ አዲስ ገንዘብ ወጣ፤ አንዱም በ1,000,000,000,000 አሮጌ ማርክ ተለወጠ። ዋስትናው የእርሻና የኢንዱስትሪ መሬት ነው ተባለ። ሬንተንማርኩን ይዞ ሄዶ መሬት ቈርሶ የወሰደ ግን የለም፤ ገንዘቡን ያጸናው የሚታተመው በልክ መወሰኑ ነበር።