ድጋፉ የተቋረጠው ዊንዶውስ 10፦ ተገልጋዮች ሊወስዷቸው የሚገቡ የጥንቃቄ እርምጃዎች

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። የዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አብቅቷል። ድጋፍ ተቋረጠ ማለት ኮምፒዩተሩ መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም፤ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ሆኖም ወደፊት የሚገኙ የደህንነት ክፍተቶች ሳይደፈኑ ስለሚቀሩ፣ አደጋው ለተጠቃሚው ሳይታይ እየጨመረ ይሄዳል።

ስጋቱ ምንድን ነው?

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተሰራጨው "ዋናክራይ" የተባለ ጥቃት ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች የኮምፒዩተር ፋይሎችን በመቆለፍ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ጠይቋል። በእንግሊዝ በርካታ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዋል። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ድጋፍ ለነበራቸው ሲስተሞች ከሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ድጋፉ በ2006 ዓ.ም. ለተቋረጠው ዊንዶውስ ኤክስፒ ማሻሻያው ለሕዝብ የቀረበው ጥቃቱ ከተሰራጨ በኋላ ነው።

ጸረ-ቫይረስ መጫን ጠቃሚ ቢሆንም በራሱ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ያለውን ክፍተት አይደፍንም።

ምን ማድረግ ይገባል?

1. የሚጠቀሙበትን እትም ይለዩ። "ሴቲንግስ" ከዚያም "ሲስተም" በመጨረሻም "አባውት" የሚለውን ሲከፍቱ የዊንዶውሱ እትም ይታያል።

2. አስቀድመው መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ። የትምህርት ማስረጃ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍና መሰል ፋይሎችን በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ይገልብጡ። ገልብጠው ሲጨርሱም ከኮምፒዩተሩ ይንቀሉት፤ ተሰክቶ የቆየ ቅጂ አብሮ ሊቆለፍ ይችላል።

3. ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ መቻሉን ያረጋግጡ። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና ተቀባይነት ያለው ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለው ብቁ ኮምፒዩተር ዕድገቱ ያለ ክፍያ ነው።

4. ማደግ ካልቻለ የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ ይመዝገቡ። ኩባንያው ለግል ተጠቃሚዎች ያቀረበው ይህ አማራጭ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያገለግል ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ የዊንዶውስ 10 የመጨረሻ እትም የሆነውን 22ኤች2 መጫን አለበት። ይህ ጊዜ መግዣ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።

5. ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያስቡ። ኡቡንቱ እና ሊኑክስ ሚንት በነጻ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ከመጫናቸው በፊት ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር ይቻላል። በሙከራው ወቅት ፕሪንተርዎና የአማርኛ መጻፊያዎ መሥራታቸውን ያረጋግጡ።

6. ሥራውን ለጥገና ባለሙያ ከሰጡ ፈቃድ ያለው ቅጂ እንዲጫንና አውቶማቲክ ማሻሻያው እንዳይዘጋ በግልጽ ያሳውቁ።

ኮምፒዩተሩ እስኪቀየር ድረስ

ድጋፍ በሌለው ኮምፒዩተር የባንክ ሒሳብ ከማንቀሳቀስ፣ የመታወቂያና የፓስፖርት ቅጂ ከማስቀመጥ ይቆጠቡ። ለጽሑፍ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ከኢንተርኔት ማለያየት ይመረጣል።

በኢንተርኔት ካፌና በጽሕፈት ቤቶች ለሚገለገሉ

በርካታ ተገልጋዮች የኦንላይን ማመልከቻቸውን የሚሞሉት በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው። በዚህ ጊዜ የይለፍ ቃልዎ እንዳይቀመጥ ያድርጉ፤ ሲጨርሱ ከአካውንትዎ ይውጡ፤ ስካን የተደረገው ሰነድ ከኮምፒዩተሩ መሰረዙን፣ ከ"ሪሳይክል ቢን" ጭምር መጥፋቱን ይመልከቱ። በስልክዎ የሚደርስዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ራስዎ ያስገቡ እንጂ ለማንም አይስጡ። ከተመለሱ በኋላ የይለፍ ቃሉን ከራስዎ ስልክ መቀየር ተገቢ ነው።

ፋይሎችዎ ተቆልፈው ገንዘብ ከተጠየቁ ኮምፒዩተሩን ወዲያውኑ ከኢንተርኔት ያለያዩ። ክፍያ መፈጸም ፋይሎቹ እንደሚመለሱ ዋስትና ስለማይሰጥ፣ ጉዳዩን ለፖሊስ ወይም ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ያሳውቁ።