መካነ ሰላም (ከተማ)

መካነ ሰላም በአማራ ክልል፣ በደቡብ ወሎ ዞን የምትገኝ ከተማ ስትሆን የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ በስተምዕራብ፣ በአቀስታ በኩል በሚያልፈው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ነው። ስሟ ከግዕዝ የመጣ ሲሆን «የሰላም ቦታ» ማለት ነው።

ወረዳው በቀድሞ መዛግብት ደብረ ሲና ተብሎ ይገኛል። ስለዚህ ከሰሜን ሸዋው ደብረ ሲና ከተማና ከኦሮሚያው ቦረና ዞን ጋር እንዳይምታታ ያሻል።

አገሩ ደጋ ቢሆንም በስተምዕራብ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ ከታች ጤፍና ማሽላ ይዘራል። በደጋው የበልግ ዝናብ ሲቀር ጉዳቱ ከባድ ነው። ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ (የቀድሞው ደንቆሮ ጫካ) ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖራሉ፤ ውርጫማው ከፍታ ላይ ጅብራና አስታ ይበቅላል።

ቦረና በመካከለኛው ዘመን «አምሐራ» ይባል በነበረው አገር ውስጥ ነበር። ዓፄ በዕደ ማርያም (1460–1470 ዓ.ም.) በዚሁ አገር አትሮንሰ ማርያምን አሠርተው የቀደሙ ነገሥታትን አፅም ወደዚያ አፈለሱ። ቤተ ክርስቲያኗ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጥላለች። «ቦረና» የሚለው ስም ከዚያ በኋላ ከተስፋፋው የኦሮሞ ሕዝብ ጋር የመጣ ነው።

የከተማዋን ዕድል ከሁሉ ይልቅ የወሰነው መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ከደሴ የሚመጣው መኪና መጨረሻው እዚህ ነበር። ጎጃም ከማዶ ቢታይም ነጋዴው ሸለቆውን በእግርና በጭነት ከብት ወርዶ መውጣት ነበረበት፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ያግደዋል። ለአውሮፕላን ማረፊያዋ «ኤም ኬ ኤስ» የሚል ዓለም አቀፍ መለያ የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንዲህ ላሉ ሩቅ ከተሞች የአየር ጉዞ ትልቅ አማራጭ ነበር። የመካነ ሰላም–ጉንደወይን መንገድ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ ከተማዋን ከምሥራቅ ጎጃም ጋር ሲያገናኝ፣ የመንገድ ዳርቻ የነበረችው መካነ ሰላም በወሎና በጎጃም መካከል መተላለፊያ ሆነች።

ከተማዋ ሆስፒታል አላት። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አንዱ ግቢ የሚገኘው በዚሁ ሲሆን ሌላው ቱሉ አውሊያ ነው።