የውፍረት ቀዶ ጥገናና ውሻ

ዝቋላ ስንል በቢሾፍቱ አቅጣጫ የሚታየውን ተራራ ሳይሆን፣ ከሰቆጣ ወዲያ ወደ ተከዜ የሚዘልቀውን የዋግ ኽምራ ወረዳ ማለታችን ነው። በዚያ አገር ውሻ የሚታወቀው በጥበቃው እንጂ በውፍረቱ አይደለም። የሚበላው ከቤተ ሰቡ የተረፈውን ነው፤ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ ደግሞ የሚተርፍ አልነበረም። ስለዚህ «ለወፈረ ውሻ ቀዶ ጥገና» ማለት ለዋግ ሰው ቀልድ ቢመስለው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ታሪኩ ወደ ኋላ ቢመረመር፣ ዛሬ ውፍረት ለጸናበት ሰው የሚደረገው ቀዶ ጥገና ከመነሻው ላይ ውሻ ቆሞ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ክሬመን፣ ሊነርና ኔልሰን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች በሚኔሶታ በውሾች ላይ ያደረጉትን ምርምር አሳተሙ። ጥያቄያቸው፣ ከትንሹ አንጀት ለሰውነት ይበልጥ የሚያስፈልገው የላይኛው ክፍል ነው ወይስ የታችኛው? የሚል ነበር። ዘዴው ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም፤ የአንድ ቧንቧ ክፍል ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ያን ክፍል ከመሥመሩ ማውጣት ነው። የላይኛው ግማሽ የወጣባቸው ውሾች ክብደታቸውን ጠበቁ። የታችኛው የወጣባቸው ግን ስብ መምጠጥ ተስኗቸው ከሱ። የታችኛው ክፍል የላይኛውን ሥራ አብዛኛውን ተክቶ ሊሠራ ሲችል፣ ስብ እንዲሟሟ የሚረዳውን የሐሞት ጨው መልሶ በመምጠጥ ረገድ ግን እርሱን የሚተካው የለም።

ከዚያ በኋላ አንጀትን በአቋራጭ የመቀጠል ቀዶ ጥገና በወፈሩ ሰዎች ላይ ተስፋፋ። ክብደቱስ ቀነሰ፤ ነገር ግን የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ጠጠርና የጉበት ጉዳት ስለ ተከተለ ዘዴው ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአዮዋ ሜሰንና ኢቶ ትንሽ የጨጓራ ክፍል ለይተው ከአንጀት ጋር ወደ ማገናኘት ዞሩ።

ውሻው ራሱስ? የእንስሳት ሐኪሞች ለወፈረ ውሻ ቀዶ ጥገናን የተለመደ ሕክምና አላደረጉትም፤ በእኔ አስተያየት ደግሞ ደኅና አደረጉ። የውሻን ሣሕን የሚሞላው ጌታው ነውና። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 48 ላብራዶር ውሾችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለግማሾቹ ምግባቸውን በ25 በመቶ ቀነሰባቸው፤ እነዚህም ከጓደኞቻቸው ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨመሩ። ጌታው እጁን መሰብሰብ ላቃተው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስብ ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ የሚያግድ፣ ዲርሎታፓይድ የተባለ የውሻ መድኃኒት ፈቀደ። በመግለጫው ላይ ሰው ፈጽሞ እንዳይወስደው የሚል ማስጠንቀቂያ ሰፍሮበት ነበር።