ከገደል አፋፍ የሚጠብቁ ዓይኖች

በታኅሣሥና በጥር የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ገደሎች ሰው ይበዛባቸዋል። ሁሉም አሻግሮ የሚፈልገው ግራጫው ዓሣ ነባሪ ብቅ ብሎ ሲተነፍስ የሚበነውን ጉም ነው። ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በዚሁ ዳርቻ ያንኑ ጉም የሚጠባበቅ ሰው ነበር፤ እሱ ግን የአዳኞች ቃፊር ነበር። በሞንተሬይ፣ በፖይንት ሎቦስና በሳን ሲሜዎን ከሰፈሩት አዳኞች ብዙዎቹ ከአዞርስ ደሴቶች የመጡ ፖርቱጋላውያን ነበሩ። ቃፊሩ ምልክት ሲሰጥ ጀልባዎቹ ይወጣሉ፤ የተገደለው እንስሳ ስብ ዳርቻው ላይ በተጣዱ ትልልቅ የብረት ድስቶች ቀልጦ የመብራት ዘይት ይሆናል።

ግራጫውን ዓሣ ነባሪ ለአደጋ ያጋለጠው መንገዱ ነው። በሰሜን፣ በቤሪንግና በቹክቺ ባሕሮች፣ ከባሕሩ ወለል ጭቃ ጥቃቅን ፍጥረታትን አጣርቶ ይመገባል። ብርዱ ሲበረታ የአሜሪካን ዳርቻ ተከትሎ እስከ ሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ይወርዳል፤ ደርሶ መልሱ ከ16,000 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ወደ መሬት ተጠግቶ ስለሚያልፍ ከገደል ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ዓይን አያጣውም።

የከፋው ጥፋት ግን የተፈጸመው በሚወልድበት ቦታ ነው። በ1857 ካፒቴን ቻርለስ ስካመን መርከቡን በባሃ ካሊፎርኒያ ኦሆ ዴ ሊየብሬ ወደተባለው ሰላጤ አስገባ፤ ሌሎችም ተከተሉት። እናቶች ከነግልገሎቻቸው ጠባብ ውኃ ውስጥ ተከበቡ። ግልገሏን ለማዳን ጀልባ የምትሰባብረውን እናት አዳኞቹ «የሰይጣን ዓሣ» አሏት። ልጇን ከጦር ስለተከላከለች ይህ ስም ተሰጣት፤ እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ያዝናል። ስካመን ራሱ በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ፍጥረት ከምድር ይጠፋ ይሆን ወይ ብሎ ሰግቷል። ብዙም ሳይቆይ የሚታደን ስለጠፋ የዳርቻ ሰፈሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

በ1946 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግራጫውን ዓሣ ነባሪ ለንግድ ማደንን ከለከለ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1950፣ ሳን ዲዬጎ በሚገኘው የካብሪዮ ብሔራዊ መታሰቢያ አንድ የቀድሞ የጦር ሠራዊት ሕንፃ ለሕዝብ የዓሣ ነባሪ መመልከቻነት ተከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ያህል ሰው መጣ። ቃፊሩ የሠራው ሥራ ሳይለወጥ ዓላማው ብቻ ተገለበጠ፤ ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ከ1967 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት ተመራማሪዎች ከማዕከላዊ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ሆነው ይቆጥራሉ። የታየውን ብዛት፣ ሰዓቱንና ርቀቱን ይመዘግባሉ፤ በጨለማና በጭጋግ ያለፈውን በስሌት ይገምታሉ። ሜክሲኮም በ1972 ኦሆ ዴ ሊየብሬን መጠለያ አደረገች። በ1994 በዚህ ዳርቻ የሚያልፈው ግራጫ ዓሣ ነባሪ ከአሜሪካ የመጥፋት አደጋ መዝገብ ወጣ፤ በ2016 የብዛቱ ግምት ወደ 27,000 ደረሰ።

ከ2019 ወዲህ ግን የከሱ በድኖች ዳርቻ ላይ ይወድቁ ጀመር። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከሰሜኑ የምግብ ቦታ መለወጥ ጋር ያያይዙታል። የ2025 ግምት ወደ 13,000 አሽቆልቁሏል። እናቶች ግልገሎቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሲመለሱ በሚደረገው ቆጠራ በዚያው ዓመት የተገመተው ግልገል 85 ያህል ብቻ ነው፤ ቆጠራው ከተጀመረበት ከ1994 ወዲህ ዝቅተኛው። በ1999 እና በ2000ም ብዙዎች ሞተው ነበር፤ ያኔ ግን ቁጥራቸው በጥቂት ዓመታት አንሰራርቷል። አሁን የሞቱ ማዕበል በ2023 አብቅቷል ከተባለ በኋላም ቁጥሩ ማሽቆልቆሉ፣ ግልገሉም እንዲህ ማነሱ፣ ከ1999ኙ የባሰ ያሰጋኛል።