የእናት ስም በዘር ቆጠራ፤ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የቤተሰብ ታሪክ ማስረጃዎች

በእንግሊዝ አገር የቅድመ አያቶቹን ታሪክ ለመከታተል የተነሣ ሰው የተጠረገ መንገድ ይጠብቀዋል። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፉ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1538 ሲሆን፣ መንግሥት ምዝገባውን በራሱ ሹማምንት እጅ ያደረገው ደግሞ በ1837 ነው። የየአውራጃው ጋዜጣም ሠርጉንና ሞቱን ያወጣ ስለ ነበር፣ ጠያቂው ከመዝገቡ ቀኑን፣ ከጋዜጣው ዝርዝሩን እያገናዘበ ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ ሊጓዝ ይችላል። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዳባት፣ ወይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰሜን ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በደባርቅ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ የሚነሣ ሰው ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ቤት አያገኝም።

ይህ ማለት ግን የአካባቢው ሕዝብ ዘሩን አይቆጥርም፣ ጋብቻውንም ያለ ማስረጃ ይፈጽም ነበር ማለት አይደለም። ማስረጃው ነበረ፤ የተቀመጠው ግን በሽማግሌዎች ትዝታ፣ በዋሶችና በምስክሮች ቃል፣ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና በፍርድ ቤት መዛግብት ውስጥ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ አሮጌ ማስረጃ ከእርሱ በኋላ የመጣው የጽሕፈት ቤት ወረቀት የጣለውን አንድ ነገር ጠብቆ መኖሩ ነው፤ ይኸውም የእናት ስም ነው።

በወገራና በሰሜን፣ እንደ ሌላውም የአማራ ደጋ አገር፣ የቤተሰብ ታሪክ ከመሬት ተለይቶ አይታይም ነበር። ርስት የሚባለው መብት ከአቅኚው አባት ለሚወርደው ዘር ሁሉ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በአባትም ሆነ በእናት በኩል ይገኝ ነበር። አንድ ገበሬ በአንድ ስፍራ መሬት ላይ ድርሻ አለኝ ብሎ ሲነሣ ትውልዱን ከራሱ አንሥቶ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ስም በስም መቁጠር፣ ቆጠራውንም በምስክር ማስደገፍ ነበረበት። ሰው ሁሉ አራት አያቶችና ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እኩሌቶቹም ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የአንዲት ሴት ስም ከቆጠራው ቢጎድል በእርስዋ በኩል ሊመጣ የሚችለው መሬት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን በጎጃም ገበሬዎች መካከል ተቀምጦ ያጠናውንና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያወጣውን የርስት ሥርዓት የተመለከተ ሰው፣ የዘር ቆጠራ የምሽት ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የኑሮ መሣሪያ እንደ ነበረ ይረዳል።

እርግጥ መሬት የሚያስገኝ ቆጠራ ውሸትንም ይጋብዛል። የሚጠቅመውን አያት አጉልቶ፣ የማይጠቅመውን የሚረሳ ተከራካሪ መኖሩ አይቀርም። ይሁን እንጂ ክርክሩ በአደባባይ የሚደረግ፣ ተቃራኒው ወገንም የራሱን ቆጠራ ይዞ የሚቀርብ ስለ ነበር፣ ፈጠራው ያለ ጠያቂ አያልፍም ነበር። የዛሬ ተመራማሪም ከዚህ የሚማረው አለ፤ አንድን የዘር ሐረግ ከአንድ ሽማግሌ ብቻ ሰምቶ ከመቀበል ይልቅ፣ በዚያው መሬት ላይ ይከራከሩ ከነበሩት ከሁለቱም ወገኖች ሰምቶ ማነጻጸር ይሻላል። ሁለት ባላጋራዎች የተስማሙበት ስም ከሁሉ የታመነ ነው።

ሁለተኛው የትዝታ ጠባቂ ጋብቻ ነበር። በልማድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም። በመሆኑም የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ሲልክ፣ የሙሽራዪቱም ወገን መልስ ከመስጠቱ በፊት፣ የሁለቱም ዘር በአባትና በእናት በኩል ይመረመራል። ዝምድናው ከተጣራ በኋላ የሚፈጸመው የሰማንያ ጋብቻ የሁለት ወገን ውል ነው። ከሁለቱም በኩል የሚሰጠው ከብትና ሌላ ንብረት በሽማግሌዎች ፊት ይቆጠራል፤ ዋስ ይጠራል። ጋብቻው ቢፈርስ ወይም ውርስ ቢያከራክር፣ እነዚሁ ዋሶችና ሽማግሌዎች ሕያው መዝገብ ሆነው ይቀርባሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚጸናው የቁርባን ጋብቻና ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ የሚደረገው የደሞዝ ጋብቻም የየራሳቸው ምስክሮች ነበሯቸው። ስለዚህ አንድን አዛውንት «ወላጆችዎ በስንት ዓመተ ምሕረት ተጋቡ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ላያገኝ ይችላል፤ «ዋሱ ማን ነበር? ከየትኛው ወገን ስንት ከብት መጣ?» ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ ታሪኩን ይሰማል።

የገበሬው ቆጠራ በጽሑፍ እምብዛም አልደረሰም። የሰሜን መኳንንት ቤት ታሪክ ግን ስለ ተጻፈ፣ በእናት በኩል የሚሄደው መንገድ ምን ያህል እንደሚያሳይ በእርሱ መረዳት ይቻላል። የሰሜኑ ገዥ የራስ ገብሬ ልጅ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም፣ ውቤንና ብጡልን ወለዱ። ደጃዝማች ውቤ ሰሜንንና ትግራይን አጣምረው ሲገዙ ኖረው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ውጊያ በደጃዝማች ካሣ ድል ሆኑ፤ ካሣም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ፤ በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። ይህም ልጅ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። የብጡል ልጅ ጣይቱ ደግሞ በ1875 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክን አግብተው ከስድስት ዓመት በኋላ እቴጌ ሆኑ። ጥሩወርቅና ጣይቱ የወንድማማች ልጆች ናቸው ማለት ነው። ልዑሉ ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ሰሜን ከታሪኩ ይጠፋል፤ የእናቱ ስም ሲጨመር ግን ድል አድራጊውና ድል የተነሣው፣ መቅደላና የምኒልክ ቤተ መንግሥት በአንድ ሐረግ ይገናኛሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ መወለዳቸውን የሚቆጥሩት በአባታቸው እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ነበር። ዙፋን እንኳ በሴት ስም ላይ ሊደገፍ ይችል ነበር።

ወደ ጽሑፍ ማስረጃ ስንመጣ ቀዳሚዎቹ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ናቸው። የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ በወንጌል ወይም በሌላ የተከበረ መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ከምስክሮች ስም ጋር ይጻፍ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ መጽሐፍ፣ እነዚህ ጽሑፎች ስለ ወራሾችና ስለ ሴቶች ባለ ርስትነት ምን ያህል እንደሚናገሩ አሳይተዋል። አንባቢው ግን ሁለት ችግሮች ያጋጥሙታል። የመጀመሪያው ስም ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የክርስትና ስም ስለሆነ፣ በመንደሩ በዓለም ስሟ የምትታወቅ ሴት በመጽሐፉ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ ሆና ትገኛለች፤ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ ሰው ካልተገኘ አንዲት ሴት እንደ ሁለት ትቆጠራለች። ሁለተኛው ዘመን ነው። ጸሐፊው ዓመቱን በቁጥር ከማስቀመጥ ይልቅ የንጉሡን ስምና የወንጌላዊውን ዘመን ብቻ ሊጠቅስ ይችላል። ደረስጌ በተዋጉበት በ1847 ላይ 5,500 ተጨምሮ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ስለዚህ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው። ይሁንና ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ፣ የንጉሡ፣ የሹሙ ወይም የአለቃው ስም ካልታከለበት አይበቃም።

ከእነዚህ መጻሕፍት የጠፋውም ብዙ ነው። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በደርቡሽ ወረራ ተዘርፈዋል፤ ተቃጥለዋልም። ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ ካከማቿቸው መጻሕፍት በመቶ የሚቆጠሩት ከ1860 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ወደ ብሪታንያ ተወስደዋል። ከዚህም የተነሣ የአንድ አጥቢያ የርስት ማስረጃ ከአጥቢያው ሽማግሌ ይልቅ ለንደን ላለ አንባቢ የቀረበ ሊሆን ይችላል።

መንግሥት የጋብቻን ምዝገባ በሕግ ያሰበበት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። ሕጉ የክብር መዝገብን ሥርዓት በዝርዝር ከደነገገ በኋላ፣ ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪታወቅ ድረስ እንዳይሠራበት በመጨረሻው አቆየው፤ እስከዚያው ልደት፣ ጋብቻና ሞት በምስክሮች ቃል በሚዘጋጅ ጽሑፍ እንዲረጋገጡ ፈቀደ። ትእዛዙ ግን ሳይወጣ ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። ስለዚህ በነዚያ ዓመታት የተጋቡ ሰዎች ስም የሚፈለገው በጋብቻ መዝገብ ሳይሆን በክርክር መዝገብ ነው፤ የተጣሉት ተጽፈዋል፣ በሰላም የኖሩት አልተጻፉም። የመዝገቡንም ስፍራ ለማወቅ የአስተዳደሩን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። አካባቢው በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት፣ ቀጥሎም በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ከዚያም በአማራ ክልል ሥር ሲተዳደር መዛግብቱም ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተዘዋውረዋል።

ጋዜጣም የሚረዳው በዚሁ መንገድ ነው። በ1933 ዓ.ም. የተቋቋመው አዲስ ዘመን የገበሬ ሠርግ የሚያወጣ የአውራጃ ጋዜጣ አይደለም። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አድራሻው ያልታወቀ ተከራካሪ በጋዜጣ እንዲጠራ ስለሚፈቅድ፣ የፍርድ ቤት ጥሪና የወራሽነት ማስታወቂያ የሟችን፣ የባልን፣ የሚስትንና የልጆችን ስም በጥቂት መሥመር አሰባስቦ ይገኛል። ባሕር ዳር የሚታተመው የአማራ ክልል ጋዜጣ በኩርም እንዲሁ የማስታወቂያ ገጹ ሳይነበብ መታለፍ የለበትም።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ነው። አዋጁ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ በዘር ቆጠራ የሚቀርበውን የርስት ጥያቄ አስቀረ። ለብዙ ጭሰኛ የነፃነት አዋጅ የሆነው ሕግ፣ በርስት አገር የትዝታን ጥቅም አነሣ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ የእናቱን እናት አያት ስም ባያውቅ የሚያጣው መሬት የለም። በዚያው ዘመን ትምህርት ቤቱ፣ ቀበሌውና መታወቂያው የሚጠይቁት የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ሆነ። በሦስት ትውልድ አንድም የሴት አያት የማይገባበት ይህ አጻጻፍ፣ ሕዝቡ በቃል ይዞት ከኖረው ቆጠራ እኩሌታውን ከወረቀት አስቀረ።

በዳባት ግን ሌላ ዐይነት መዝገብ ተከፍቷል። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆነው ተቋም አማካይነት፣ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍልሰት ለጤና ጥናት ሲመዘገብ ቆይቷል። ይህ መዝገብ የቤተሰቦችን ምስጢር የሚጠብቅ የጥናት መዝገብ ስለሆነ ለማንም ጠያቂ የሚከፈት አይደለም፤ ነገር ግን በገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰብን መመዝገብ እንደሚቻል አሳይቷል። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 760 ታውጆ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱም የእናትን ሙሉ ስም ይይዛል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተርም የባልንና የሚስትን ስም አንድ ላይ ይጽፋል። የሴቲቱ ስም አንድ ጊዜ ከመሬት ጋር ጠፍቶ እንደ ነበረ፣ አሁንም ከመሬት ጋር ተመልሷል።

የቀረው ጊዜ ግን አጭር ነው። አዲሱ መዝገብ የሚጀምረው ዛሬ ከሚወለዱት ሲሆን፣ አሮጌውን ቆጠራ የሚያውቁት ከ1967 ዓ.ም. በፊት በርስት ክርክር የቆሙ ወይም ክርክሩን የሰሙ አዛውንቶች ናቸው። ሰዉም ከቦታው ተለያይቷል። በወገራና በሰሜን ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤል፣ እነርሱም እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ የማያጋቡ፣ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ሲሄዱ፣ መንደሩ በአንድ አገር፣ ቆጠራውን የሚያውቀው ሽማግሌ በሌላ አገር ሆኑ። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ሲደርስ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአንድ አዛውንት ጋር የሚቀበረውን ሰባት ቤት በኋላ ማንም መልሶ ሊቆጥረው አይችልም።

ስለዚህ በመዝገብ፣ በፍርድ ቤት፣ በማስተማርም ሆነ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። ከሕያዋን ይጀምር፤ ወረቀቱ እስከ ነገ ሊቆይ ይችላል፣ አዛውንቱ ግን ላይቆዩ ይችላሉ። ቆጠራውን በአባት በኩል ከጻፈ በኋላ በእናት በኩል እንደገና ይጠይቅ። የዓለም ስምንና የክርስትና ስምን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጥ። ዘመኑን ከክፉ ቀን፣ ከጣሊያን ጊዜ ወይም ከመሬት አዋጁ በፊትና በኋላ እያለ ያስወስን። ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብና ወደ ጋዜጣው ይሂድ። ቅጹ ሦስት ስም ብቻ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ የእናት፣ የእናትን እናትና የእርስዋን አገር ለመጻፍ በግርጌው ቦታ አይጠፋም።