የማይጮኸው ዘበኛ

ጠጋ በሉማ! ወለጋ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚታማው መብራት ኃይል ነው። ነቀምቴ ቡና ቤት የተቀመጠውም፣ ሻምቡ ወፍጮ ቤት ተራ የያዘውም እኩል ያማርራል። እኔ ደግሞ ዛሬ የማወጋችሁ ሆን ብሎ ስለሚያጠፋው ዘበኛ፣ ስለ ሪሌይ ነው።

ነገሩ እዚያው ወለጋ ካለው ከጮመን ረግረግ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ረግረጉም ሐይቅ ሆነ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ መስመር የሚጠብቀው ሪሌይ በብዛት ባለ መስታወት ሳጥን ነበር፤ ውስጡ የአሉሚኒየም ዲስክ አለ። ከረንቱ ሲበዛ ዲስኩ ይዞራል፣ ኮንታክቱ ይገጥማል፣ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ይከፈታል፤ አለቀ። ጆርጅ ሮክፌለር የሚባል አሜሪካዊ ግን ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ሊሠራው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1969 ጽፎ ነበር።

እንዳለውም ሆነ። ዛሬ ያ ሁሉ ሳጥን ኮምፒዩተር ባለው አንድ ሪሌይ ተጠቃሎ፣ ጀርባው ላይ ካርዶች ተደርድረዋል፤ ዋናው የፕሮሰሰሩ ካርድ ነው። እንግዲህ ሐምሌ ላይ መብረቅ ምሰሶ መታ እንበል። ካርዱ ቮልቴጁንና ከረንቱን በእያንዳንዱ 20 ሚሊሰከንድ ዑደት ውስጥ ደጋግሞ ይለካል፤ አንዱን ለሌላው አካፍሎ ብልሽቱ ምን ያህል እንደራቀ ይገምታል፤ «ቁረጥ» ይላል።

በስኳር ፋብሪካ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቦይለሩ የሚነደው በአገዳ ገለባ ነው። ገለባው ከረጠበ እንፋሎቱ ይደክማል፤ ከመረቡ ጋር የተያያዘው ጄኔሬተር መስጠቱን ትቶ መሳብ ይጀምራል፣ እንደ ሞተር ተርባይኑን ይነዳል፤ ምላጮቹ ይግላሉ። ይህን ቀድሞ የሚያውቀው የጄኔሬተሩ ሪሌይ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ካርድ ነው።

አሁን ክፉውን ስሙ። ሙቀት፣ አቧራ ወይም በሽቦ የገባ የመብረቅ ኃይል ካርዱን ሲገድለው መስመሩ ላይ ምንም አይታይም። ብሬከሩ እንደተዘጋ ነው፣ አምፑሉ ይበራል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ቀጥሎ አንድ ዛፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ ግን የሚቆርጠው በምንጩ በኩል ከላይ ያለው ሪሌይ ነው፤ አንድ ሰፈር መጥፋት ሲገባው ከተማው ሁሉ ይጨልማል።

ሪሌዩ መሞቱን የሚናገርበት ኮንታክት አለው፤ ከደወል ጋር ካልታሰረ ግን ማን ይሰማዋል? ተተኪው ካርድም በዶላር ተገዝቶ ሲመጣ ባዶውን ነው። መቼ እንደሚቆርጥ የሚወስነው ሰቲንግ ይጫንበታል፣ የሶፍትዌሩ እትም ይመሳከራል፣ ከረንት ተሰጥቶት ይፈተሻል። ሰቲንጉ የነበረው በሞተው ካርድ ውስጥ ብቻ ከሆነ መሐንዲሱ ስሌቱን ከሀ ሊጀምር ነው።

እናንተ የማከፋፈያ ጣቢያና የፋብሪካ ልጆች፣ ክረምቱ ሳይገባ ሰቲንጉን ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ያንንም ኮንታክት ከደወል ጋር እሰሩት።