መሬቱ የሚያዞረው ማጨጃ

«ጋንግ» ሲባል ወሮበላ እንዳይመስላችሁ። እዚህ የምናወራው በቡድን ተሰልፈው በፈረስ ወይም በትራክተር ስለሚጎተቱ ሳር ማጨጃዎች ነው። እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ «ጋንግ ሞወር» ይሏቸዋል። ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ሆነው በአንድ የብረት ማዕቀፍ ላይ ይያያዛሉ። ዛሬ አሮጌዎቹን ፈልገው የሚያድሱ ሰዎች አሉ። ታዲያ ማደስ ማለት ምንድነው? ቀለም መቀባት ወይስ ሳር እንዲያጭድ ማድረግ? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነውና እስቲ ከሥሩ እንነሳ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ጨርቅ ላይ ነው። በእንግሊዝ ስትራውድ አካባቢ በነበሩት የሱፍ ፋብሪካዎች የጨርቁን ጸጉር እኩል የሚከረክም፣ ምላጭ የተጠመጠመበት ሲሊንደር ነበር። ኤድዊን ባዲንግ የተባለ መካኒክ ይህንኑ ዘዴ ወደ ሳር አዞረውና በ1830 ፓተንት አወጣበት። በ1832 የኢፕስዊቹ ራንሰምስ ፋብሪካ በፈቃድ ያመርተው ጀመር።

ከዚያ በፊት የባላባቱ ሜዳ የሚታጨደው ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ ነበር። አጫጆቹ ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ይወጣሉ፤ እርጥብ ሳር ለማጭድ ይመቻልና። ሰፊና አጭር ሳር የነበረው የብዙ አጫጅ ደመወዝ መክፈል የሚችል፣ አለዚያም በግ የሚያሰማራ ሰው ነው። ባዲንግ ራሱ ባላባቶች ማሽኑን እየገፉ ሰውነታቸውን ሊያፍታቱበት እንደሚችሉ ተናግሮ ነበር። ለአንዱ እንጀራ የነበረው ለሌላው ስፖርት ሆነ ማለት ነው።

በእጅ የሚገፋው ግን ለትልቅ ሜዳ አልበቃም። በ1842 ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ሻንክስ በፈረስ የሚጎተት ማጨጃ ሠራ። ኮቴው ሳሩን እንዳይቦድስ ለፈረሱ የቆዳ ጫማ የሚያጠልቁለት ነበሩ። ስፋቱን ዝም ብሎ መጨመር ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አንድ ረጅም ሲሊንደር ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲሄድ ጉብታውን ይልጨዋል፣ ጎድጓዳውን ይዘለዋል።

መፍትሔው ከአሜሪካ መጣ። ቻርልስ ወርዚንግተን በፔንሲልቬንያ፣ ሻውኒ በተባለ ቦታ ሆቴልና የጎልፍ ሜዳ ነበረው። አንዱን ትልቅ ሲሊንደር በመተው ትንንሾቹን በቡድን አሰራቸው። የኋለኞቹ የፊተኞቹ ያለፉትን መሀል ያጭዳሉ፤ እያንዳንዱም የራሱን መሬት ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ1910ዎቹ ሥራው ወደ ፋብሪካ አደገ። መጀመሪያ የሚጎትተው ፈረስ ነበር፤ ቀጥሎ ከፎርድ ቲ ሞዴል መኪና የተቀየሩ ትራክተሮች መጡ። እያንዳንዳቸው 76 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት ሲሊንደሮች በአንድ ጊዜ 2 ሜትር ገደማ ያጭዳሉ። በዚህ ፍጥነት የጎልፍ ሜዳ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ መናፈሻ፣ የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳና ሳር የለበሰ የአውሮፕላን ማረፊያም ታጨደ። የባላባቱ ሳር ለብዙ ሰው የደረሰው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። በአብዛኞቹ አሮጌ ጋንግ ሞወሮች ላይ ሞተር የለም። ጎማው መሬት ላይ ሲንከባለል በጥርስ አማካይነት ሲሊንደሩን ያዞራል፤ የሲሊንደሩ ምላጭም ሳሩን ከታችኛው ቋሚ ምላጭ ጋር እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ትራክተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም በአንድ ሜትር ውስጥ የሚቆርጠው ብዛት አይለወጥም፤ የሚወስነው መሬቱ ነውና። እርግጥ ከመጠን በላይ ሲሮጥ ማጨጃው መዝለል ይጀምራል።

ስለዚህ እድሳት ከዚህ ይጀምራል። በመጀመሪያ ጎማው ውስጥ ያለውን፣ ወደፊት ሲሄድ የሚነክሰውን ወደኋላ ሲሄድ የሚለቀውን ትንሽ ጥርስ ማየት ነው። የደረቀ ግራሶ አጣብቆት ከሆነ ሲሊንደሩ አይዞርም። ቀጥሎ ሲሊንደሩን ይዞ መነቅነቅ ነው። ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ሳይስተካከል ምላጭ መሳል ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ የተጎዳው ምላጭ ይሞረዳል፤ ትንሽ የደነዘዘ ብቻ ከሆነ መሞረጃ ቅባት ተቀብቶ ሲሊንደሩ ወደኋላ ይዞራል፣ ሁለቱ ምላጮችም እርስ በርስ ይሳሳላሉ። የተሰነጠቀ የጊዛ አካል ካለ ብየዳው ለሚያውቅ ሰው ይሰጥ፤ ጊዛ ሙቀቱ ካልተጠበቀለት እንደገና ይሰነጠቃል። በመጨረሻ የምላጮቹ ርቀት በብሎን ጥቂት በጥቂት ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጎማው ይታገድ፤ ማጨጃው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ሲሊንደሩም ይዞራልና ጣት ይቆርጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ይመስለኛል። እነዚህን ማሽኖች የሠሩ ሰዎች ምላጭ እንደሚያልቅ፣ ኩሽኔታ እንደሚበላ አውቀው ብሎኑን አስቀመጡለት። ማሽኑ ሲወለድ ጀምሮ የሚያስተካክለው ሰው አብሮት አለ። የዚያን ሰው ስም የመዘገበ ግን እምብዛም የለም፤ የባዲንግና የወርዚንግተን ስም ተጽፏል፣ ሰኞ ጠዋት ሰባቱን ሲሊንደር ተንበርክኮ የሚያስተካክለው የሜዳ ጠባቂ ግን የቀረው እጁ ውስጥ በነበረው እውቀት ብቻ ነው። ቀለሙን አሳምሮ ምላጩን የተወ አዳሽ የፋብሪካውን ስም አድኖ የሠራተኛውን ሙያ ይጥላል። ብረቱ ዝገቱን ችሎ ብዙ ዓመት ይቆያል። ሙያው ግን ካልተሠራበት በአንድ ትውልድ ይጠፋል።

ስለዚህ የታደሰ ጋንግ ሞወር ነው ብለው ሲያሳዩዋችሁ ቀለሙን አድንቁና ባለቤቱን አንድ ቁራጭ ወረቀት በምላጮቹ መሀል እንዲያስገባ ጠይቁት፤ ሲሊንደሩን በእንጨት እየገፋ፣ ጣቱን አርቆ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ሆኖ ከተቆረጠ ማሽኑ በእርግጥ ታድሷል።